ሕፃናትን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ማስተማር፦ ሳናስፈራ፣ ሳንሸነግል



በዛሬው ጊዜ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የማይናገር የለም። ሬዲዮው ያወራል፤ ጋዜጣው ይጽፋል፤ በየስብሰባው የሚቀርበው ንግግርም ይህንኑ ያነሣል። ይህ ሁሉ ወሬ በሕፃናት ጆሮም ይደርሳል። ሕፃን ደግሞ የሚሰማውን ከሚያየው ጋር አያይዞ የሚጠይቅ ፍጡር ነውና፣ ምንጭ ሲደርቅ፣ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ጎርፍ የጎረቤትን አጥር ሲወስድ ባየ ጊዜ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የሚቀርበውም ለሳይንስ ሊቃውንት አይደለም፤ ለአንደኛ ደረጃ መምህሩ፣ ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪው፣ ለእናቱና ለአባቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ጥያቄው ለሚቀርብላቸው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን፤ አንደኛ አስተማሪው ራሱ ምን ማወቅ እንዳለበት፣ ሁለተኛ በየዕድሜው ምን ማስተማር እንደሚገባ፣ ሦስተኛም ይህንን ትምህርት የሕፃኑን ልብ ሳንሰብር እንዴት ማስተላለፍ እንደሚቻል ነው።

ሀ) ጉዳዩ የሕፃናት ጉዳይ የሆነው ለምንድን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከዓለም ሕፃናት መካከል 1 ቢሊዮን ያህሉ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት እጅግ ከፍተኛ አደጋ በተጋረጠባቸው 33 አገሮች ውስጥ ይኖራሉ። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። እነዚህ 33 አገሮች በአንድነት ወደ አየር የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዓለም ጠቅላላ ልቀት ከመቶ 9 እጅ ብቻ መሆኑን ዘገባው ጨምሮ ይገልጻል።

በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ በክፍላችን ውስጥ የተቀመጠው ሕፃን ለችግሩ መምጣት ድርሻው ከሁሉ ያነሰ ሲሆን፣ ችግሩን ተሸክሞ የሚኖርበት ዘመን ግን ከሁላችንም የረዘመ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ልንደብቀው አንችልም። ሆኖም የሚነገርበት መንገድ ለዚህ ሕፃን ሌላ ሸክም እንዳይሆንበት መጠንቀቅ ግዴታችን ነው።

ለ) አስተማሪው ራሱ ሊያውቀው የሚገባ

አስተማሪው በቅድሚያ ሁለት ቃላትን ለይቶ መያዝ አለበት፤ እነርሱም «የአየር ሁኔታ» እና «የአየር ንብረት» ናቸው። የአየር ሁኔታ ማለት ዛሬ ወይም በዚህ ሳምንት የምናየው ነው፤ ማለዳ ጉም ነበረ፣ ከቀትር በኋላ ዘነበ፣ ማታ በረደ እንደምንለው። የአየር ንብረት ማለት ግን የአንድ አካባቢ አየር በብዙ ዓመታት ውስጥ የሚያሳየው የተለመደ ጠባይ ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ይህንን ለመግለጽ የ30 ዓመታትን አማካይ ይጠቀማል።

ለሕፃናት ይህንን በሰው መመሰል ይቀላል። ገር የሆነ ሰው አንድ ቀን ሊቆጣ ይችላል፤ በዚያ አንድ ቀን ግን «ቁጡ ሰው ነው» አንለውም። የአንድ ቀን ቁጣው እንደ አየር ሁኔታ ነው፤ የዘወትር ጠባዩ ደግሞ እንደ አየር ንብረት ነው። በመሆኑም አንድ ዓመት ዝናብ ስለቀረ ብቻ የአየር ንብረቱ ተለወጠ አይባልም፤ አንድ ሌሊት ብርድ ስለበረታም ለውጡ ሐሰት ነው አይባልም።

የአገራችን ሕዝብ የአየር ንብረትን ከመጻሕፍት አልተማረም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ አገሩን በከፍታው፣ በሙቀቱና በእህሉ ለይቶ ስም ከሰጠው ቆይቷል። ማሽላ የት እንደሚበቅል፣ ጤፍ የት እንደሚያምርበት፣ ገብስ እስከ የት እንደሚወጣ የገበሬ ልጅ ያውቃል። እንግዲህ «የምድር ሙቀት ሲጨምር ቆላው ወደ ወይና ደጋው፣ ወይና ደጋውም ወደ ደጋው ይወጣል» ብንለው ነገሩ ይገባዋል። ይህም ምሳሌ ብቻ አይደለም። በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) አካባቢ ከተሰበሰበ የወባ መዝገብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ሞቅ ባሉት ዓመታት የወባ በሽታ ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ፣ ቀዝቀዝ ባሉት ዓመታት ደግሞ ወደ ታች እንደሚመለስ አሳይቷል።

ቀጥሎ ሊታወቅ የሚገባው ሙቀቱ የሚጨምርበት ምክንያት ነው። የደጋ ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት አመዳይ ወርዶ ማሳውን እንደሚያቃጥልበት፣ ደመና በሸፈነው ሌሊት ግን ብርዱ ለዘብ እንደሚል ያውቃል። ምድር ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት መልሳ ወደ ጠፈር ትልካለችና፤ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ከዚያ ሙቀት ከፊሉን ያስቀርላታል። በአየር ውስጥም በዓይን የማይታዩ፣ ይህንኑ ሥራ ቀንም ሌሊትም የሚሠሩ ጋዞች አሉ። የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ከእነዚህ ዋነኞቹ ሲሆኑ፣ በአንድነት ሙቀት አማቂ ጋዞች ይባላሉ።

እዚህ ላይ አስተማሪው አንድ ነገር አጥብቆ መናገር አለበት፤ ጋቢው ራሱ ክፉ አይደለም። ያለ እርሱ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ነበር። በእርሱ ምክንያት ግን 15 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሰውም፣ እንስሳም፣ እህልም ሊኖር ቻለ። ችግሩ የመጣው ሰው በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ በመደረቡ ነው። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በብዛት ሲቃጠሉ፣ ደን ሲመነጠር፣ በምድርና በዕፅዋት ውስጥ የነበረው ካርቦን ወደ አየር ይወጣል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት 280 ያህል ነበሩ። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 ገደማ ደርሰው ነበር፤ በ2024 ደግሞ ከ420 አልፈዋል።

ይህ እውቀት የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1856 ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልታ በፀሐይ ላይ በማስቀመጥ፣ ከተራው አየር ይልቅ እንደሚሞቅ አሳየች። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል የተባለው ሊቅ እነዚህ ጋዞች ሙቀትን መያዛቸውን በመሣሪያ ለካ። በ1896 ደግሞ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ጋዙ ሲጨምር የምድር ሙቀት በምን ያህል እንደሚጨምር አሰላ። ዛሬ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ እ.ኤ.አ. 2024 ዓመታዊ ሙቀቱ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ በ1.55 ዲግሪ ገደማ የላቀ ሆኖ ተመዝግቧል። በአገራችንም ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል።

ሐ) አስተማሪው ሊጠነቀቃቸው የሚገቡ ሦስት ስሕተቶች

የመጀመሪያው የኦዞንን ጉዳይ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መደባለቅ ነው። «ኦዞን ስለተቀደደ ፀሐይዋ በረታች» የሚል አባባል በብዙ ሰዎች ዘንድ ይሰማል። የኦዞን ንጣፍ ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር የሚከለክል ሲሆን፣ ያሳሱት በማቀዝቀዣዎችና በሚረጩ ጣሳዎች ውስጥ የነበሩ ልዩ ኬሚካሎች ናቸው። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ከተማ ተስማምተው እነዚህን ኬሚካሎች እያስቀሩ በመምጣታቸው ንጣፉ በማገገም ላይ ይገኛል። ጉዳዩ ሌላ ቢሆንም ለሕፃናት ሊነገር የሚገባው የምሥራች ነው፤ ሰዎች ስሕተታቸውን ዐውቀው፣ ተስማምተው፣ ማረም እንደቻሉ ያሳያልና።

ሁለተኛው ስሕተት ድርቅን ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ ነው። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» እያሉ የሚያነሡት ረሃብ የመጣው ከ1880ዎቹ መባቻ ጀምሮ ሲሆን፣ የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጅቶ፣ ድርቅም ተጨምሮበት ነበር። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው እልቂትም ከዝናብ መቅረት ጋር የሰው ሥራ፣ ማለትም የአስተዳደር ጉድለትና ጦርነት፣ ያባባሰው መሆኑ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የክረምቱ ዝናብ ሲጓደልና በማግሥቱ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ሲያስፈልገው፣ ዋነኛው መንሥኤ ኤልኒኞ የሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት መዛባት ነበር። በአንጻሩ ከ2020 እስከ 2023 በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በአጎራባች አገሮች አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲጓደሉ፣ ጉዳዩን የመረመሩ ሳይንቲስቶች የሙቀቱ መጨመር መሬቱ ፈጥኖ እንዲደርቅ በማድረግ ድርቁን እጅግ እንዳከበደው ደርሰውበታል። እንግዲህ ትክክለኛው አነጋገር «ድርቅ ጥንትም ነበረ፤ የምድር መሞቅ ግን የመጣውን ድርቅ ያከብደዋል» የሚለው ነው።

ሦስተኛው ስሕተት በአካባቢያችን የምናየውን ጉዳት ሁሉ ከሩቅ የመጣ አድርጎ መቁጠር ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር። ሐይቁን ለዚያ ካበቁት ምክንያቶች ዋነኞቹ ግን ለመስኖና ለከተማ አገልግሎት ውሃው ከመጠን በላይ መሳቡና ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ናቸው። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ ታይቷል። ልጆች ይህንን ሲሰሙ፣ ከችግሮቻችን አንዳንዶቹ በእጃችን ያሉ መሆናቸውን ይረዳሉ።

መ) በየዕድሜው ምን እናስተምር?

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መደረጉ ለዚህ ትምህርት ትልቅ እገዛ ነው። ስለ ወቅት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ አፈርና ስለ ምንጭ ሕፃኑ የሚያውቃቸው ቃላት ከቤቱ ያመጣቸው ናቸውና። አስተማሪው ከእነዚያ ቃላት ይነሣ እንጂ ከባዕድ ስያሜዎች አይጀምር። «የአካባቢ ሳይንስ» በሚባለው ትምህርት ውስጥም በቂ ቦታ ማግኘት ይቻላል።

1. ከ1ኛ እስከ 2ኛ ክፍል፦ ማየትና መውደድ። በዚህ ዕድሜ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር መናገር አያስፈልግም። ሕፃኑ ሰማዩን በየማለዳው ይመልከት፤ ደመናውን፣ ፀሐዩን፣ ዝናቡን በሥዕል ይመዝግብ። በግቢው ውስጥ ያለ አንድ ዛፍ መቼ ቅጠሉን እንደሚያረግፍ፣ መቼ እንደሚያብብ፣ የትኛው ወፍ ጎጆ እንደሚሠራበት ይከታተል። ያልወደደውን ነገር የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ያላየውን የሚወድም የለም።

2. ከ3ኛ እስከ 4ኛ ክፍል፦ መለካትና ማወዳደር። ሕፃኑ ቁጥር ስለቻለ ዝናብን መለካት፣ የጥላንና የፀሐይን ሙቀት ማነጻጸር፣ ሣር የለበሰ መሬትን ከተራቆተው ጋር ማወዳደር ይችላል። የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት ልዩነትም በዚህ ዕድሜ ይነገረው።

3. ከ5ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፦ ምክንያትንና ኃላፊነትን መጠየቅ። የጋቢው ምሳሌ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር፣ የትኞቹ አገሮች ብዙ እንደሚለቁና የትኞቹ ብዙ እንደሚጎዱ በዚህ ጊዜ ይነገር። ኢትዮጵያ ከዓለም ጠቅላላ ልቀት ያላት ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ መሆኑንና ኤሌክትሪኳም በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ መሆኑን ልጆች ማወቅ ይገባቸዋል። የፍትሕ ጥያቄ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ዳቦ እኩል ሳይቆረስ ሲቀር ከማንም ቀድሞ የሚያስተውለው እርሱ ነው።

ሠ) በትንሽ ዕቃ የሚሠሩ ሦስት ልምምዶች

አንደኛ፤ የዝናብ መለኪያ። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ መቀመጫው ዝርግ የሆነ ባዶ ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በሜዳ ላይ በድንጋይ ተደግፎ ይቀመጥ። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አንድ ተማሪ በማስመሪያ ለክቶ በሚሊ ሜትር ይጻፍ፤ ከዚያም ውሃው ይደፋ። ለትላልቆቹ ተማሪዎች ስሌት ይጨመርላቸው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የትምህርት ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይሆናል። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ፣ ውሃ ለመቅዳት ሩቅ የምትሄድ ልጅ ይህንን ስሌት በደብተሯ ላይ ስታገኝ ትምህርቱ ወደ ሕይወቷ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ሁለቱ አፈሮች። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች በቁመታቸው ተቆርጠው በአፈር ይሞሉ፤ አንዱ ሣር ከነሥሩ ይደረግበት፣ ሌላው ባዶውን ይቅር። ሁለቱም አፋቸው ወደ ታች ዘንበል ብሎ በእኩል ጣሳ ውሃ ይፍሰስባቸው፤ የሚወርደውም በብርጭቆ ይጠራቀም። ከባዶው አፈር የሚወርደው ውሃ ፈጥኖና ደፍርሶ፣ ከሣሩ የሚወርደው ግን ዘግይቶና ጠርቶ ሲመጣ ልጆቹ ራሳቸው ምክንያቱን ይናገራሉ። አስተማሪው ከእነርሱ ቀድሞ መልሱን አይንገራቸው።

ሦስተኛ፤ የአያት ምስክርነት። የአየር ንብረት በ30 ዓመት የሚለካ ከሆነ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ብቻውን ሊያየው አይችልም፤ ስለዚህ አያቱ ያስፈልጉታል። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ካሉ አረጋውያን አንዱን በአክብሮት ቀርቦ ይጠይቅ፦ «አባባ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ የበልግ ዝናብ መቼ ይጀምር ነበር? እማማ፣ ያን ጊዜ የነበረ ዛሬ የደረቀ ምንጭ አለ? ያን ጊዜ ይዘራ የነበረ ዛሬ የቀረ እህልስ?» መልሶቹ በክፍል ይነበቡ። አስተማሪው ግን ትዝታ ምስክር እንጂ መለኪያ እንዳልሆነ ያስረዳ፤ ከተቻለም በአቅራቢያ ካለ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ጋር ያመሳክር። ልጁ ሽማግሌን ማክበርንና መረጃን መመርመርን በአንድ ጊዜ ይማራል።

ረ) ስለ ፍርሃትና ስለ ጥፋተኝነት

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው። ሕፃንን በማስፈራራት የሚሰጥ ትምህርት ሁለት ፍሬ ብቻ ያፈራል፤ አንዱ ጭንቀት፣ ሌላው ጆሮን መድፈን ነው። ስለዚህ አስተማሪው አደጋውን በተናገረ ቁጥር ሰዎች አደጋውን ለመቋቋም የሚሠሩትን አብሮ ይናገር። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአገራችን ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከመቶ 39 እስከ 59 እጁ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። የዚሁ ጥናት ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ቡናው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ቢሸጋገርና ደኑ ቢጠበቅ ለቡና የሚስማማው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችልም ያመለክታል። ግማሹን ብቻ መንገር እውነትን መንገር አይደለም።

ሌላው ጥንቃቄ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡትን ልጆች የሚመለከት ነው። «ደን የሚያጠፉ ከሰል አክሳዮች ናቸው» ብሎ የሚያስተምር መምህር፣ እናቷ በገበያ ከሰል ሸጣ ደብተር የገዛችላት ልጅ በሁለተኛው ረድፍ መቀመጧን ያስብ። ያቺ ልጅ ዕለቱን ወደ ቤቷ የምትመለሰው በእውቀት ሳይሆን በኀፍረት ይሆናል። እናቲቱ ከሰል የምትሸጠው ሌላ አማራጭ በማጣቷ ነው፤ የምድርን ሙቀት የጨመሩትም በዋነኛነት የእርሷ ከሰል ሳይሆኑ በታላላቅ አገሮች ለዘመናት የተቃጠሉት የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ናቸው። ስለ ደን መመንጠር እውነቱ ይነገር፤ ነገር ግን «ለእነዚህ ቤተሰቦች ምን ሌላ መንገድ ይገኝላቸዋል?» ከሚል ጥያቄ ጋር ይሁን። ቆጣቢ ምድጃ፣ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ለብቻው መትከል፣ የኤሌክትሪክ መዳረስ የመሳሰሉትን ልጆቹ ራሳቸው ያነሣሉ።

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «አባ፣ ዝናቡ የቀረው እግዚአብሔር ስለተቆጣን ነው?» የሚል። ይህንን ጥያቄ «አዎ» ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከብቶቹ ያለቁበት የአርብቶ አደር ልጅ ከከተማው ልጅ ይበልጥ ኃጢአተኛ ነው ማለት ይሆናል። ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ አለመሆኑን በግልጽ አስተምሯል። ስለዚህ ለሕፃኑ የሚሰጠው መልስ «አይደለም ልጄ፤ እግዚአብሔር ምድርን በአደራ ሰጥቶናል፤ አደራውን በሚገባ ካልያዙት መካከል ግን ብዙዎቹ ከእኛ ርቀው የሚኖሩ ናቸው፤ እኛም የድርሻችንን እንጠብቅ» የሚል ይሁን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ሙሉውን ስድስተኛ ምዕራፍ ለትምህርትና ለመንፈሳዊነት መስጠታቸው፣ ይህ ሥራ ለአስተማሪ የተተወ ትርፍ ነገር አለመሆኑን ያስገነዝባል።

ሰ) ችግኝ መትከልና ማጽደቅ

በትምህርት ቤቶቻችን ስለ አየር ንብረት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ችግኝ መትከል ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን ካስታወቀ ወዲህ ልማዱ ይበልጥ ተስፋፍቷል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሕፃን ዋነኛው ትምህርት ከተከላው ቀን በኋላ የሚመጣው ነው። ትምህርት ቤቱ በሐምሌ የተከላቸውን በጥር፣ በመጋቢትና በሚቀጥለው መስከረም ይቁጠር፤ የደረቀው ለምን እንደደረቀ፣ ፍየል በልቶት፣ ውሃ አጥቶ ወይም ቦታው ሳይስማማው ቀርቶ እንደሆነ ልጆቹ ይመርምሩ። አንድ ሕፃን አንድ ዋንዛ ወይም አንድ ወይራ ተክሎ ቢያጸድቅ፣ መቶ ተክሎ ከረሳው ይበልጣል።

በወላይታ በሁምቦ የተሠራው ሥራ ሌላ ነገር ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያ በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር የሚሆን የተራቆተ ተራራማ መሬት ከልቅ ግጦሽና ከቆረጣ ተጠብቆ እንዲያገግም ተደርጓል። ሥራው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ የመትከል አልነበረም፤ የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር በመሬት ውስጥ ሕይወት ነበረውና፣ የሚያቆጠቁጡትን መርጦ፣ ገርዞና ጠብቆ ማሳደግ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን በመጠበቁ ደኑ ላስቀረው ካርቦን ክፍያ አግኝቷል። ተራራው የሞተ መስሎ ሳለ ሥሩ ግን ሕያው ነበር። ይህንን ታሪክ ለልጆች ስንነግር ተስፋን በባዶ ቃል ሳይሆን በታየ ነገር እናስተምራለን።

ማጠቃለያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የአየር ንብረት ለውጥን ሙሉ ሸክም በአንድ ሕፃን ትከሻ ላይ ብንጭነው ይሰብረዋል። ለእርሱ የምንሰጠው አንዲቱን ሎሚ፣ ማለትም የሚያስተውለውን ሰማይ፣ የሚለካውን ዝናብ፣ የሚያጸድቀውን ዛፍ ነው። የቀሩትን አርባ ዘጠኙን እኛ ታላላቆቹ፣ ከእኛም ይበልጥ ኃይልና ሀብት ያላቸው መንግሥታት ልንሸከም ይገባል። ልጆቻችን ይህንን መከፋፈል በግልጽ ከነገርናቸው አይፈሩም፤ እኛ ድርሻችንን መሸከማችንን በዓይናቸው ካዩ ደግሞ ያምኑናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ከ30 ዓመት ወዲህ ከታዩት ለውጦች የትኞቹ ከምድር ሙቀት መጨመር፣ የትኞቹ ከራሳችን አያያዝ የመጡ ይመስላሉ? በምን እናውቃለን?

2. በክፍላችን ውስጥ በድርቅ ወይም በጎርፍ ቤተሰቡ የተጎዳ ልጅ ቢኖር፣ ትምህርቱን ከማን ታሪክ መጀመር፣ ከማንስ መቆጠብ ይገባናል?

3. በቁምስናችንና በትምህርት ቤታችን ባለፈው ክረምት ከተተከሉት ችግኞች ዛሬ ስንቱ ጸድቋል? የሚቆጥራቸውስ ማን ነው?

4. የቁምስናችን ጣሪያ ስፋቱ ምን ያህል ነው? በአንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት ስንት ጀሪካን ውሃ ይገኛል? ያ ውሃ ዛሬ ወዴት ይሄዳል?